መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ይህን የጥናት ፕሮግራም ተቹልኝ

ዘመንዝ — ኅዳር 1
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ገጠር ናቸው፤ እኔና አንድ የአገሬ ልጅ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይተን እንማራለን። ፈረቃችን የጠዋት ነው። እስከ ብሔራዊ ፈተናው ድረስ የምሄድበትን ፕሮግራም አውጥቻለሁ። ግድግዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እንድታዩልኝ ፈለግሁ።

ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ሰዓት፦ ሒሳብና ፊዚክስ
ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፦ ትምህርት ቤት
ከቀኑ 8 እስከ 12 ሰዓት፦ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ
ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት፦ እንግሊዝኛ፣ አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) እና የቀኑ ክለሳ
ቅዳሜና እሑድ፦ ሙሉ ቀን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍት

በዚህ ከሄድሁ እስከ ጥር መጨረሻ የአራቱንም ክፍል መጻሕፍት እጨርሳለሁ። ከየካቲት በኋላ ጥያቄ መሥራት ብቻ ይሆናል። ምን ይጨመርበት?

በሬሳ ማዶ — ኅዳር 1
ጎበዝ ልጅ! ምንም አይጨመርበት፣ ብቻ በርታ። ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ሌሊት ሌሊት አጥንቶ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው።

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 1
ምን ይጨመር ላልከው፣ እንቅልፍ ይጨመር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጨርሰህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሣለህ። በመካከሉ ያለው 4 ሰዓት ነው፤ ያውም ጋደም እንዳልህ እንቅልፍ ከወሰደህ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መሐል ሜዳ ላይ በዚያ ሰዓት መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ባና ተከናንቦ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ አንገቱ ይዘነበላል፤ ሰሌዳው ላይ ግን ሦስት ሰዓት ሒሳብ አጥንቷል ተብሎ ይመዘገብለታል።

ሌላው፣ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር አላየሁም። ወጡን የሚሠራው ማን ነው? ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ብለሃል፤ ስንቅህን ማን ያመጣልሃል? ወሩ ደግሞ ኅዳር ነው። ገብሱ ቆሞ ሳለ አባትህ «አንተ አጥና» ብለው ይተዉሃል?

ልነቅፍህ ብዬ አይደለም። ያወጣኸው የማይርበው፣ የማይበርደውና ወላጅ የማያዝዘው ሰው ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ክፍላችሁ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከመለጠፍህ በፊት አንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጥ እንደወትሮህ ኑር። ማታ ማታ ቀኑ በምን እንዳለፈ በሰዓት በሰዓት ጻፍ፤ ልትሠራው ያሰብኸውን ሳይሆን የሠራኸውን። ጽሑፉን እዚህ አምጣውና ፕሮግራሙን ከእሱ ላይ እናወጣለን።

ጠባሴ — ኅዳር 1
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። በ2014 ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን እያወቁ ልጁን «ተኛ» ማለት ምን ይባላል? ሰው ከአቅሙ በላይ ካልታገለ በምን ይለያል?

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 2
ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ከመቶ ዘጠና አምስትና ዘጠና ሰባት የሚሆኑት የቀሩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስላልተነሡ ነው የሚለው ግን ከየት መጣ? በተማሪ ቤት ለቤት ስዞር ፕሮግራም ያልለጠፈ ልጅ አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈ ሁሉ አለ። ታሪኩ አንድ ነው፦ ሰኞ ዕለት አንዱ ሰዓት ያመልጠዋል፤ «ነገ በእጥፍ አካክሳለሁ» ይላል፤ ማክሰኞ እጥፉ አይሞላም፤ ረቡዕ የሦስት ቀን ውዝፍ ይዞ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ማየት ራሱ ያስጠላዋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሊከፈል የማይችል ዕዳ ስለገባ ነው።

እመ ሁለት — ኅዳር 2
እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ በኤክስቴንሽን እማራለሁ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉኝ። ወንድሜ፣ ከተማሪነት ያለፍሁ ብሆንም የሰዓት እጥረትን በተመለከተ ማንም አይበልጠኝም።

እኔ በሰዓት መመደቡን ትቼዋለሁ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አጠናለሁ» ባልሁ ቁጥር 2 ሰዓት ላይ አንዱ ልጅ ያለቅሳል። አሁን የማደርገው ጥናቱን ከማይቀር ነገር ጋር ማሰር ነው፦ ልጆቹ እንደተኙ፣ የእራት ዕቃ ሳይነሣ፣ ደብተሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ዕቃውን ካጠብሁ በኋላ ብቀመጥ እንደማልነሣ አውቃለሁ፤ ወገቤ አልጋ ይላል። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው፣ «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ላንተ ለምሳሌ «የምሳ ሰሃን እንደታጠበ የኬሚስትሪ ደብተር እከፍታለሁ» ቢሆንስ? ምሳው በ7 ሰዓትም ይሁን በ8 ሰዓት ፕሮግራሙ አይፈርስም።

ጓሳ ሥር — ኅዳር 3
ሁላችሁም ሰኞ ማክሰኞ እያላችሁ ታወራላችሁ። የገበሬ ልጅ ሥራ የሚሄደው በወሩ ቀን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሞፈርም ማጭድም አይነሣም። እኛ ቤት ከነዚህ ሌላ የሚከበር ስለነበረ በወር ውስጥ ለጥናት የሚሆነኝን ቀን የምቆጥረው በበዓላቱ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ቀኑ የኔ ነው፤ የሚያዝዘኝም የለም።

ሥራ ባለበት ቀን ግን «መጽሐፍ ይዤ ከብት እጠብቃለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። አንድ አንቀጽ ሳትጨርስ በሬው የሰው ገብስ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጥናቱም ይቀራል፣ ከጎረቤት ጋር ጠብ ይተርፋል።

ዘመንዝ፣ አንተ ገጠር የምትሄደው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ ይህ ብዙ ላይመለከትህ ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ የገና ዕረፍት አለ፤ መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ሲቋረጥ ደግሞ ሳምንታት ቤት የምትከርምበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የግድግዳ ሰሌዳህ መሐል ሜዳ ይቀራል። ለገጠሩ የራሱ ይኑረው።

የአንኮበር ልጅ — ኅዳር 3
ጓሳ ሥር እውነት ነው፣ ግን በዓሉ ዝክር ወይም ማኅበር ያለበት ከሆነስ? እኛ ቤት በሚካኤል ዕለት ጠላ ስቀዳ ነው የምውለው። እንዲያውም የሥራ ቀን ይሻለኝ ነበር።

ጓሳ ሥር — ኅዳር 3
ልክ ብለሻል እኅቴ። ማኅበሩ የሚወጣበትን ቀን ከወዲሁ ታውቂዋለሽ፤ ያንን ሰርዢውና ሌላውን ያዢ።

ዘመንዝ — ኅዳር 10
መምህር እንዳሉት አንድ ሳምንት ጻፍሁ። ቁርጡ ይኸው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሽሮ ሠራን፤ በልተን ዕቃ እስኪታጠብ 8፡30 ሆነ። እስከ 11 ሰዓት ኬሚስትሪ። ማታ መብራት ስለነበረ ከ1፡30 እስከ 3፡30 ሒሳብ ሠራሁ። ማክሰኞ ቦኖው ላይ ረጅም ወረፋ ነበረ፣ ጀሪካኑን ይዤ ስመለስ ከሰዓቱ አልቋል። ማታ መብራት ጠፋ፤ በስልክ መብራት ግማሽ ሰዓት አነበብሁና ባትሪው ሞተ። ረቡዕ ከሁሉም ይሻላል፤ 5 ሰዓት ያህል አጥንቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ ላይ ተኛሁ፤ ማታ 2 ሰዓት አጠናሁ። ዓርብ ከትምህርት በቀጥታ ወደ ገጠር ተጓዝሁ። ቅዳሜ አጨዳ ነበር። እሑድ ቅዳሴ፣ ስንቅ ማሰናዳት፣ መንገድ፤ ማታ ደክሞኝ ምንም አላየሁም።

ሲደመር 12 ሰዓት ነው። ያቀድሁት ከ70 ሰዓት በላይ ነበር።

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 10
ይህ ወረቀት ከመጀመሪያው ሰሌዳ ይበልጣል። አሁን የምንነጋገርበት እውነተኛ ቁጥር አለን።

በሳምንት 12 ሰዓት አለህ። አሥሩን መድብ፣ ሁለቱን ባዶ ተው። ባዶው የሰነፍ ሰዓት አይደለም፤ የቦኖ ወረፋውና የመብራቱ ድርሻ ነው። ማክሰኞ ያመለጠህ የሚገባው ወደዚያ ነው እንጂ ወደ ረቡዕ አይደለም። ባዶው ከሞላ በኋላ ያመለጠ ነገር ካለ ተወው፤ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዘኸው አትሂድ።

እስከ ሰኔ አጋማሽ 31 ሳምንት ያህል ይቀራል። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለትምህርት ቤቱ የራሱ ፈተና ሦስት ሳምንት አንሣ። 28 ሳምንት በ10 ሰዓት 280 ሰዓት ነው። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ ለእያንዳንዱ 46 ሰዓት ከምናምን ይደርሰዋል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ብለህ ለአራት ብትከፍለው ለአንድ ክፍል መጽሐፍ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ11 ሰዓት ተኩል የ10ኛ ክፍልን ፊዚክስ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ እኔም አልችልም፤ ዓመቱን ሙሉ የማስተምረው እኔ።

እንግዲህ «እስከ ጥር መጻሕፍቱን ጨርሼ ከየካቲት ጥያቄ እሠራለሁ» ያልኸው እዚህ ላይ ይወድቃል። ተገልብጦ መሄድ አለበት። ከዛሬ ጀምረህ ጥያቄ ሥራ፤ ያቃተህን ጥያቄ ይዘህ ወደ መጽሐፉ ግባ፤ ያቺን ክፍል ብቻ አንብበህ ውጣ። የምታውቀውን ምዕራፍ ደግመህ ማንበብ ደስ ይላል፣ ሰዓት ግን ይበላል። የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ 4 ሰዓት እየተማርኸው ነው። ያንን ክፍል ውስጥ ጨርሰው፤ ማታ ቤት ይዘኸው አትግባ።

ላሎ ማማ — ኅዳር 10
የመምህርን ሒሳብ ወድጄዋለሁ፣ ግን ከ12 ሰዓት 10 መመደብ ራሱ የበዛ ይመስለኛል። ቢዩለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀዋቸው ነበር። በአማካይ «በ34 ቀን ገደማ» አሉ፤ «ነገሩ ሁሉ ክፉኛ ቢበላሽስ?» ሲባሉ 49 ቀን ያህል ገመቱ። የጨረሱት በአማካይ በ55 ቀን ተኩል ነው። ልብ በሉ፣ የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ ከእውነቱ አነሰ። በዚህ ከሄድን የልጁ ድርሻ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው።

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 11
ጥሩ ነገር አነሣህ። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች የገመቱት ከሐሳባቸው ነው። ዘመንዝ የሰጠን 12 ሰዓት ግምት አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ፣ ወረፋ ተሰልፎ፣ ታጭዶ የተረፈ ነው። ከተለካ ነገር ላይ ሁለት ጊዜ መቀነስ አያስፈልግም። የመጀመሪያው 70 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ከጎንህ እቆም ነበር።

ጠባሴ — ኅዳር 11
ሳምንቱን ካየሁ በኋላ ስለ ሌሊቱ የተናገርሁትን አንሥቻለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፦ 12 ሰዓቱ የግድ 12 ሆኖ ይቀራል? ሁለት ልጆች አብረው እየኖሩ ሁለቱም ወጥ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ውሃ ይቀዳሉ ማለት ነው?

ዘመንዝ — ኅዳር 11
እስካሁን አብረን ነው የምንሠራው። አንዱ ሽንኩርት ሲከትፍ አንዱ እሳት ያያይዛል። ኩበቱ ካልደረቀማ ሁለታችንም እፍ እንላለን።

ጠባሴ — ኅዳር 11
እንግዲያው ተራ ግቡ። የአንተ ቀን ሲሆን ወጡም ውሃውም ያንተ፤ በነጋታው አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተር ትከፍታለህ፣ እሱ ይሠራል። ከዚያም በላይ የሰኞውን ሽሮ ለሁለት ቀን አብዝታችሁ ሥሩት፤ በዚህ ብርድ አይበላሽም። ሁለት ሰዓት ከዚህ ይገኛል።

እመ ሁለት — ኅዳር 11
ይህን ምክር ለባለቤቴም አስነብቤዋለሁ።

ይፋት ቆላ — ኅዳር 12
እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የናንተ ውርጭና ባና እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ያለው ሙቀት ጭንቅላት ያፈዝዛል፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መጽሐፍ መያዝ በከንቱ ነው። ለኔ ጥሩው ሰዓት ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። መምህር፣ ምሽት ላይ ቀድሜ ከተኛሁ ሌሊቱ ይከለከላል?

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 12
አይከለከልም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተህ 11 ሰዓት ብትነሣ 8 ሰዓት ተኝተሃል። እኔ የተቃወምሁት እንቅልፉ የሚቆረጥበትን ሌሊት ነው።

የአንኮበር ልጅ — ኅዳር 12
ጥያቄ ቀድሞ መሥራቱን እኔም እመሰክራለሁ። ባለፈው ዓመት የተፈተንሁ ነኝ። ሳነብ ሁሉም የገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ መጽሐፉን ዘግቼ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ ስባል ነው ያልገባኝ የሚታወቀው። አንድ መምህራችን የነገሩን ጥናት አለ፤ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያደረጉት። ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ወዲያው ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከ100 እጅ 42ቱን ብቻ ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በወረቀት የጻፉት 56ቱን አስታውሰዋል። የኛ ፈተና ደግሞ ከሳምንት ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው።

አንድ የማትረሱት ነገር አለ። ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የጉዞው፣ የምደባውና የገለጻው ቀናት ለጥናት አይሆኑም። እኔ «የመጨረሻው ሳምንት» ብዬ ያስቀመጥሁት ክለሳ ሳይነካ ቀረ። የምትከልሱትን አጭር ማስታወሻ በእጅ ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው እዚያ አያገለግላችሁም።

ዘመንዝ — ኅዳር 14
ከጓደኛዬ ጋር ተስማምተናል፤ ተራ ገብተናል። አዲሱ እንዲህ ሆነ። ተራዬ ባልሆነበት ቀን፣ ምሳ እንደተበላ፣ 2 ሰዓት ተኩል፤ ይህ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ሰጥቼዋለሁ፤ ደካማ የሆንሁት በነሱ ስለሆነ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማታ መብራት ካለ አንድ ሰዓት ተኩል ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ከሌለ በቃል የሚጠያየቁትን ከጓደኛዬ ጋር። ጠዋት ትምህርት ቤት ደወል እስኪደወል፣ ዓርብንም ጨምሮ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ጥቂት የእንግሊዝኛና የአፕቲትዩድ ጥያቄ። ሐሙስ ማታ ባዶ ነው። ቅዳሜና እሑድ ላይ ምንም አልጻፍሁም፤ ከተገኘ ተገኘ። ሲደመር 10 ሰዓት አካባቢ ነው።

አንድ የቸገረኝ አፕቲትዩድ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የለውም። ጥያቄ ከየት ላግኝ?

የኔታ ፊዚክስ — ኅዳር 14
ይህን ለጥፈው። ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና አንድ ሳምንት መዝግብ፤ አጨዳው ስላለፈ ቁጥሩ ይለወጣል።

የአፕቲትዩዱን በመጀመሪያ የትምህርት ቤታችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቅ፤ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎች ታትመው የተጠረዙ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ከሌለ ኔትወርክ ባለበት ቀን በፒዲኤፍ አውርደህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ፤ በኋላ ሲያስፈልግህ ኔትወርኩ ላይኖር ይችላል።

የአንኮበር ልጅ — ኅዳር 14
ፒዲኤፍ ስታወርድ ተጠንቀቅ፤ የሚዞሩት ላይ የመልስ ቁልፋቸው የተሳሳተ አለ። እኔና ጓደኛዬ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረን፣ ለካ ስሕተቱ የቁልፉ ነበር። ሁለታችሁም ለየብቻ ሠርታችሁ አንድ መልስ ካመጣችሁና ቁልፉ ሌላ ካለ፣ ምልክት አድርጋችሁበት እለፉ፤ ጠዋት መምህር ጠይቁ።